አሠራሩን አሳዪ

የሒሳብ መምህሩ ኮርኔሊየስ ዳይክ ሞቶ የተገኘው ዕድሜውን ሙሉ ተማሪ ሲያስቆምበት በኖረው ቦታ፣ ከጥቁር ሰሌዳው ሥር ነው። በሆዱ ተደፍቷል። ቀኝ እጁ ወደ ጠመኔ መደርደሪያው እንደተዘረጋ ደርቋል። ፊቱ ጠቁሯል፤ ጥፍሮቹ ውስጥ ከወለሉ የተፋቀ ሰም አለ። ከጠረጴዛው እስከ ሰሌዳው በደረቱ የተሳበበት ዱካ በግልጽ ይታያል።

የኔልካምፕ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ተማሪዎች ያን ጠዋት ትምህርት እንደሌለ ሲነገራቸው አውቶቡሱ ውስጥ አጨበጨቡ። ምክንያቱ ሲነገራቸው አንዳንዶቹ ማጨብጨባቸውን አቆሙ።

መርማሪ ኢርማ ፍሪሰን የተቀደደ ጓንቷን አውልቃ ኪሷ ውስጥ፣ ከሱፍ ፍሬው ጋር ከተተችው። መጠበቅ አትወድም፤ መጠበቅ ግድ ሲሆንባት ሱፍ ትፈለፍላለች። ሬሳ አጠገብ ግን አትፈለፍልም፤ ይህ ያላት ጨዋነት ሁሉ ነው።

«አስም ነው፣ ኢርማ» አለ ዳይሬክተሩ ራስል ቴቭስ። ከታላቅ ወንድሟ ጋር ሆኪ ሲጫወት ያደገ ስለሆነ ማዕረጓን ጠርቶ አያውቅም። «ነጭ ሰሌዳ ልግዛልህ ብዬ ስንቴ ለመንኩት። ‹ጠመኔ የሚፈራ ሒሳብ አያስተምርም› ይለኛል። ይኸው፣ ጠመኔው በላው። ምን የሚመረመር አለው?»

«መድኃኒቱስ?»

«ያውልሽ።»

ወደ አፍ የሚነፋው ሰማያዊ ፓፍ በጠመኔ መደርደሪያው ላይ፣ ልክ ከጽሑፉ በታች፣ እንደ ሻማ ቀጥ ብሎ ቆሟል። መደርደሪያው ለቆመ ሰው ወገብ ላይ ነው፤ ለተደፋ ሰው ሰማይ ነው።

«ራስል፣ አንተ አየር ቢያጥርህ መድኃኒትህን እንዲህ ጌጥ አድርገህ ታቆመዋለህ?»

«እኔ አስም የለብኝም።»

«አየር ማጠር ግን አይቀርልህም። ትናንት ከትምህርት በኋላ ሕንጻው ውስጥ ማን ማን ቀረ?»

ቴቭስ አንገቱን አከከ። «እኔ ቢሮዬ ነበርኩ። ጨዋታ እያየሁ። ሚስ ሎወን ክፍሏ ውስጥ ፈተና ታርም ነበር። ከተማሪ… ኩሬ ብቻ።»

«ማን?»

የዳይሬክተሩ ጆሮ ቀላ። «ዊላ። ዊላ ሬምፔል። ዳይክ ለቅጣት ከወንበር ሥር ማስቲካ ያስፍቃት ነበር።»

«ኩሬ የሚላት ማን ነው?»

«ሁሉም። ያው ልጆች ናቸው። አምና ሰሌዳ ላይ አወጣት። ሽንት ቤት ልሂድ አለችው። ‹x ሲገኝ ትሄጃለሽ› አላት።» ወለሉን አየ። «አልተገኘም።»

«አንተ ምን አደረግህ?»

«ወለሉን አስወለወልኩ።»

ፍሪሰን ጎንበስ ብላ ፓፉን በዓይኗ መረመረች። ሰማያዊው አናቱ ላይ ስስ ነጭ ዱቄት ሰፍሯል፤ ልክ ብስኩት ላይ እንደተነሰነሰ ስኳር። ከዚያ ቀና ብላ ሰሌዳውን አነበበች።

ስህተቱ የት ነው?

የአንድ ካፖርት ዋጋ በመኸር 20 በመቶ ጨመረ። በጸደይ ከተጨመረበት ዋጋ 20 በመቶ ተቀነሰ። አሁን 96 ዶላር ነው። መጀመሪያ ስንት ነበር?

x + 20% − 20% = 96

x = 100

ጽሑፉ ቀጭን፣ ቀጥ ያለ፣ በማስመሪያ የተሠመረ የሚመስል ነው። የመጨረሻው መቶ ብቻ ወፍሯል፤ ዘሟል። ከሥሩ በመዳፍ የተጠረገ ቁጥር ጥላ ይታያል፤ ዘጠኝና ስድስት።

---

ሬሳውን የመጀመሪያዋ ሆና ያገኘችው ግሬታ ሎወን ናት። ቀጭን፣ ጸጉሯ ያለ ጊዜው የሸበተ፣ የሹራቧን እጅጌ እስከ ጣቷ ድረስ የምትጎትት ሴት። ወደ ክፍሉ የተመለሰችው ሬሳው ከተወሰደ በኋላ ነው።

«አልቅሰዋል?» አለቻት ፍሪሰን።

«ይጠበቅብኛል?»

«አይ። ለማወቅ ያህል ነው።»

«በተማሪ ፊት ‹ሚስ ሎወን የምታስተምረው መደመር ነው፤ ማባዛት ሲመጣ እኔ እጠራለሁ› ይል ነበር። እሱ ጡረታ ሲወጣ ቦታው የእኔ ነው። አልወጣም። ይጻፉት፤ ሌላ ሰው ከሚነግርዎ እኔ ብነግርዎ ይሻላል።»

«ጻፍኩት። ይህ ‹ስህተቱ የት ነው› የሚለውስ?»

«የሱ ልማድ ነው። ማታ ክፍሉን ከመዝጋቱ በፊት አንድ ጥያቄ አጣሞ ይሠራና ይተወዋል። ጠዋት ስህተቱን ያገኘ የቤት ሥራ ይቀርለታል። ያላገኘ ክፍለ ጊዜው እስኪያልቅ ይቆማል። እስከ ጠዋት ሰሌዳውን ማንም አይነካም።»

«እና ስህተቱ የት ነው?»

ሎወን ሰሌዳውን ያየችው ገና አሁን ነበር። አንድ ጊዜ ዓይኗን ጣል አደረገችበት፤ በቃት። «እዚህ ነዋ! ሁለተኛው ሃያ በመቶ የሚቀነሰው ከአደገው ዋጋ ላይ ነው። ከመጀመሪያው ሃያ ጋር የሚጣፋ መስሎት…» እያለች ከሳጥኑ ጠመኔ አንሥታ እጇን ወደ ላይኛው መስመር ሰደደች።

ፍሪሰን የእጇን አንጓ ያዘቻት። «ማስረጃ ነው።»

«ይቅርታ። እጄ ነው።» ሎወን ጠመኔውን መለሰች። ከዚያ ታችኛውን መስመር አነበበችና ግንባሯ ተቋጠረ። «ግን እኮ… መልሱ ልክ ነው።»

«ዳይክ ተሳስቶ ልክ መልስ ሊጽፍ ይችላል?»

«እሱ? ሞቶም አይሳሳትም።» ንግግሯ ለራሷም ጆሮ ከበዳት። «ስህተቱን አስቦበት ነው የሚሳሳተው።»

ቴቭስ በሩ ላይ ሆኖ ይሰማ ነበርና ፍሪሰን ዞረችበት። «ራስል፣ ካፖርቱ መጀመሪያ ስንት ነበር?»

«ዘጠና ስድስት!» አለ ሳያመነታ። «ሃያ ወጣ፣ ሃያ ወረደ። ምን ያስቸግራል?»

ሎወን ዓይኗን ጨፈነች።

«ስለ ልጅቷ ይንገሩኝ» አለች ፍሪሰን።

«ዊላ ዘንድሮ ደጋሚ ናት። ብራንደን የሙያ ኮሌጅ የኤሌክትሪክ ትምህርት ተቀብለዋታል፤ ሒሳብ ካለፈች። ማለፊያው ሃምሳ ነው። ዳይክ አርባ ዘጠኝ ሰጣት።»

«አንድ ማርክ?»

«አንድ ማርክ። ሁልጊዜ መልስ ብቻ ትጽፋለች፤ አሠራሩን አታሳይም። አሠራር የሌለው መልስ ዜሮ ነው። ደንቡ የሱ ብቻ አይደለም፤ እኔም ያንኑ ነው የማደርገው።» ሎወን እጅጌዋን ጎተተች። «ኤሌክትሪክ ነክታ ሰው ከምትፈጅ እዚሁ ብትቀር አይከፋም ብዬ ነበር። እውነቱን ከፈለጉ።»

---

ዊላ ሬምፔል ትምህርት በሌለ ቀን የምትገኘው በእርሻ ዕቃ መደብሩ ነው። የክረምቱ ዕቃ ማራገፊያ ስለደረሰ ቀይ የቅናሽ ወረቀት ትለጥፋለች። ዐሥራ ስምንት ዓመቷ ነው፤ ረጅም፣ ትከሻዋ ሰፊ። ስለ ቁመቷ ይቅርታ የምትጠይቅ ይመስል አንገቷን ትደፋለች።

ፍሪሰን ወፍራም ጓንት አነሣች። «ይሄ ስንት ነው?»

«ስልሳ ነበር። ሃያ አምስት በመቶ ቅናሽ አለው። አርባ አምስት» አለች ልጅቷ ቀና ሳትል።

«ማሽን ሳትነኪ?»

«መቶ ቢሆን ሃያ አምስት ይወርድለት ነበር። ሩቡ ማለት ነው። የስልሳ ሩብ ዐሥራ አምስት።» ትከሻዋን ነቀነቀች። «ሁሉንም ነገር መጀመሪያ መቶ አደርገዋለሁ። ከዚያ የቀረው በራሱ ይመጣል።»

«ሚስተር ዳይክ ይህን ያውቁ ነበር?»

ቀዩ ወረቀት ከሚገባው በላይ ተጫነ። «‹መቶውን ማን ሰጠሽ?› ይሉኛል። x መባል አለበት። መልሱ ልክ ሲሆን የኮረጅሽው ነው ይሉኛል።»

«ከማን?»

«እሱን ማንም ጠይቋቸው አያውቅም።»

«ትናንት ስትወጪ እንዴት ነበሩ?»

«ደህና። ሰሌዳ ላይ እየጻፉ ነበር። በጂምናዚየሙ በር ወጣሁ።»

«አዝነሻል?»

«ለማን?» አለች ልጅቷ።

ፍሪሰን አርባ አምስቱን ከፍላ ጓንቱን እዚያው አጠለቀች። መኪናዋ ውስጥ ገብታ ሱፍ እየፈለፈለች ብዙ ቆየች። ከፓፉ ላይ የጣት አሻራ አልተገኘም፤ የሱፍ ክር ብቻ ነው ያለው፤ በዚህ ብርድ ደግሞ የሱፍ ጓንት የሌለው የከተማው ሰው የለም። በእጇ ያለው የአንድ ካፖርት ጥያቄ ብቻ ነው። የካፖርት ጥያቄ ይዞ ዳኛ ፊት የሚቀርብ መርማሪ ለወር መሳቂያ ይሆናል። ቅርፊቱን በመስኮት ተፋችና አንድ ነገር ቆረጠች። ቆንጆ ነገር አልነበረም።

---

በማግስቱ ሦስቱንም በዳይክ ክፍል ውስጥ ሰበሰበቻቸው። ቴቭስ የተማሪ ወንበር አልበቃ ብሎት ጉልበቱን ወደ ውጭ አወጣ። ሎወን ከፊት ተቀመጠች። ዊላ የመጨረሻው ረድፍ ላይ፣ ግድግዳ ተደግፋ።

«ማንም እጁን ማውጣት አያስፈልገውም» አለች ፍሪሰን ሰሌዳው አጠገብ ቆማ። «ሚስተር ዳይክን አስም ይዟቸዋል፤ ይህ እውነት ነው። ግን አስሙ ብቻውን አልነበረም። አየር ያጠረው ሰው መድኃኒቱን መደርደሪያ ላይ አቁሞ፣ ጠረጴዛው ዘንድ ተመልሶ፣ ከዚያ በደረቱ እየተሳበ አይመጣም። ፓፉን ወስዶ እዚህ ያቆመው ሌላ ሰው ነው። ደግሞ አልሮጠም። ቆሞ አይቷል።»

«በምን ታወቀ?» አለ ቴቭስ።

«በዱቄቱ። ፓፉ አናት ላይ የጠመኔ ብናኝ ነበር። ጠመኔ የሚበነው ሲጻፍ ነው፤ የሚወርደውም ወደ ታች ነው። ስለዚህ ፓፉ እዚህ ከቆመ በኋላ ከበላዩ ተጽፏል። ምን ተጻፈ? ይህ።» ጣቷን ወደ መቶው ዘረጋች። «ከሥሩ ዘጠና ስድስት ነበር፤ የዳይክ ወጥመድ። አንድ ሰው፣ ሽማግሌው እግሩ ሥር እየታነቀ፣ ዘጠና ስድስቱን በመዳፉ ጠርጎ ልክ የሆነውን መልስ ጻፈ። መልሱን የጻፈው ገዳዩ ነው።»

ማሞቂያው ይንኳኳል።

«ራስል፣ አንተ ዛሬም ካፖርቱ ዘጠና ስድስት ነው ትላለህ?»

«አይደለም እንዴ?»

«ወደ ቤትህ መሄድ ትችላለህ። ሁለት ሰው ቀረ።» ፍሪሰን የመጨረሻውን ረድፍ በቸልታ አየችና ፊቷን አዞረች። «አንዷ ደጋሚ ናት። አርባ ዘጠኝ። መምህሯ ልክ ያገኘችውን ሁሉ ከሰው ኮርጃ ነው ብለዋል፤ እኔ ከእሳቸው በላይ አላውቃትም። ይህ ጥያቄ ዳይሬክተሩን ራሱን አስቶታል። ይህች ልጅ በራሷ ጭንቅላት ታገኘዋለች ብሎ የሚያምን እዚህ ውስጥ አለ?»

ቴቭስ ራሱን ነቀነቀ። «እሷማ አይሆንላትም፣ ምስኪን።»

«ሚስ ሎወን?»

«አታገኘውም» አለች ሎወን።

«እንግዲህ የሚቀረው ሒሳብ የተማረ ሰው ነው። ቦታውን የሚፈልግ፣ የተናቀ፣ መልሱን በአንድ ዐይን የሚያገኝ። ግሬታ ሎወን፣ ይነሡ።»

ሎወን አልተነሣችም። «እኔ? እኔ ፈተና እያረምኩ…» ወደ ቴቭስ ዞረች። ቴቭስ ወንበሩን ከእሷ አራቀ። ሲያርቅ የወንበሩ ብረት ጮኸ፤ የሁሉም ፍርድ በዚያ ድምፅ ውስጥ ነበር።

ፍሪሰን ካቴናውን ከወገቧ ፈታች። «የካፖርቱን ጥያቄ የፈታችው ሚስ ሎወን ናት። መልሱ የእሷ ነው።»

«አይደለም።»

ድምፁ የመጣው ከኋላ ነው። ዊላ ቆማለች፤ ለመጀመሪያ ጊዜ ሙሉ ቁመቷን።

«ምን አይደለም?»

«የእሷ አይደለም። መልሱ የእኔ ነው።»

«ዊላ፣ ዝም በይ!» አለ ቴቭስ።

«እርስዎ ዝም ይበሉ! ዘጠና ስድስት ነው ያሉት እርስዎ አይደሉም ወይ?» ፊቷ እሳት ሆኗል። «የእኔ ነው። ማንም አልነገረኝም። ከማንም አልኮረጅኩም።»

ፍሪሰን ጠመኔ አንሥታ ዘረጋችላት። «እንግዲያው አሠራሩን አሳዪ።»

ልጅቷ በወንበሮቹ መካከል አልፋ መጣች። ጠመኔውን አልተቀበለችም። ሰሌዳውን እያየች በአፏ ሠራችው፤ ቀስ ብላ፣ መስመር በመስመር።

«መቶ አልኩት። ሃያ በመቶ ሲጨምር መቶ ሃያ። የመቶ ሃያ ሃያ በመቶ ሃያ አራት ነው። ሲቀነስ ዘጠና ስድስት። ገጠመ።» ትንፋሽ ወሰደች። «አንድ ማርክ ልለምን ነው የመጣሁት። ይህን ጻፉና ‹ስህተቱን አሁን ካገኘሽ አንዱን ማርክ እሰጥሻለሁ› አሉኝ። መቶ ነው አልኳቸው። ‹ማን ነገረሽ?› አሉ። እኔ ነኝ ስላቸው ሳቁ። ‹ኩሬም አሰበች› ብለው ሳቁ። ሲስቁ ሳል ያዛቸው፤ ሳሉን ደግሞ ማቆም አቃታቸው። ፓፉ ጠረጴዛው ላይ ነበር። ጓንቴን እንዳጠለቅኩ አነሣሁት።»

«ከዚያስ?»

«እዚህ አቆምኩት። ‹ሰሌዳ ላይ ይውጡ› አልኳቸው። መጡ፤ በሆዳቸው። ስንት ነው አልኳቸው። መቶ ነው ይበሉና እሰጥዎታለሁ አልኳቸው። ድምፅ አልነበራቸውም። እኔም አምና እዚሁ ስቆም ድምፅ አልነበረኝም። ስለዚህ እኔው ጻፍኩት። ነፍሳቸው ሳትወጣ እንዲያዩት ቶሎ ጻፍኩት።»

«አዩት?»

«አዩት።»

ቴቭስ ፊቱን በሁለት እጁ ሸፈነ። ሎወን ወደ ፍሪሰን ዞረች። «እኔ ነኝ ብለው አምነው ነበር?»

«ለአንዲት ደቂቃም አላመንኩም። ሰሌዳውን እንዳዩ እጅዎ የሄደው ወደ ላይኛው መስመር ነው፤ ስህተቱ ወዳለበት። አስተማሪ የሚያርመው አሠራሩን ነው። ይህን የጻፈው ሰው ግን አሠራሩን እንደተጣመመ ትቶ መልሱን ብቻ ለወጠ። x እንዴት እንደሚፈታ ያላወቀ፣ መልሱን ግን ያወቀ ሰው ነው። ሁሉን ነገር መቶ አድርጎ የሚጀምር ሰው። የዚህ ካፖርት ዋጋ ደግሞ መቶ ሆኖ ተገኘ፤ በመጀመሪያው ሙከራ ገጠመላት። ትናንት ይህን ጓንት ስትሸጥልኝ ነው የነገረችኝ፤ ሳታውቀው።»

«ታዲያ እኔን ለምን እንዲህ…»

«ፍርድ ቤት የሚቆም ማስረጃ አልነበረኝም። ይህችን ልጅ አምና ሰሌዳው ሥር ካዋረዷት ወዲህ ማንም አስፈራርቶ አያናግራትም። መልሷን ለሌላ ሰው ሲሰጡባት ግን ዝም ማለት አትችልም።» ፍሪሰን ትከሻዋን ነቀነቀች። «እርስዎ ደግሞ አታገኘውም ብለው አገዙኝ።»

ሎወን እጅጌዋን እስከ ጣቷ ጎተተች።

ዊላ እጆቿን ራሷ ዘረጋች። ካቴናው ሲዘጋ አልደነገጠችም። በር ላይ ስትደርስ ግን ቆመች፤ ፍሪሰን ክንዷን ብትጎትታትም አልተንቀሳቀሰችም። ዞራ ያየችው ሎወንን ነው። ዓይኗ ውስጥ ይቅርታ መጠየቅ አልነበረም፤ ሰሌዳ ፊት የሚጠብቅ ተማሪ ዓይን ነበር።

«ሚስ ሎወን። ስንት ይሰጡኛል?»

ሎወን በእጅጌዋ ዓይኗን ጠረገች። ሰሌዳውን አየችው፤ ላይኛውን መስመር፣ ታችኛውን መስመር፣ እንደገና ላይኛውን። ድምፅዋ ያረመችውን ፈተና ለተማሪ ስትሰጥ እንደምትናገረው ደረቅ ነበር።

«ሰሌዳው ላይ ያለው ዜሮ ነው» አለች። «አሁን ያልሽው ሙሉ ነው።»

ዊላ ራሷን ነቀነቀች፤ ተራዋ አልቆ እንድትቀመጥ እንደተፈቀደላት ሁሉ። «ሃምሳ» አለችና ቀድማ ወጣች።